የሁለተኛው ሰው በረኛ

አሎንዞ ፔቲፎርድ ዋሽንግተን ውስጥ፣ በሴኔቱ ሕንፃ፣ በምክትል ፕሬዚዳንቱ ክፍል በር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሟል። ወንበር አልሰጡትም ማለት አይደለም፤ ሰጥተውታል። ግን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ያየው ሰው የለም፤ የሚቀመጥበት የእንግዶች ባርኔጣ ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጥቁር ኮቱ ላይ ብናኝ የማታርፍበት ሰው ነው። በዚያ ዘመን ለጥቁር ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ሥራ አልነበረም፤ ከመጥረጊያና ከባልዲ ያመለጠ ሁሉ በሰፈሩ እንደ ሹም ይታይ ነበር።

በዚያች በር ሰባት ምክትል ፕሬዚዳንቶች ገብተው ሲወጡ አይቷል። አንዱ በየጠዋቱ ለወዳጆቹ ሹመት እየለመነ ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ መልስ ሲመጣለት ግን አሎንዞ አላየም፣ ፖስታ የሚቀበለው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። አንዱ «እርሻዬን አይቼ ልምጣ» ብሎ ሄዶ ስምንት ወር ቀረ፤ የት ገባ ያለ አልነበረም። አንዱ ታሞ ሞተ። ባንዲራው ዝቅ አለ፣ ሙዚቃው ተነፋ፣ ተቀበረ፤ ከዚያ በኋላ ወንበሩ ሁለት ዓመት ተኩል ባዶውን ከረመ። ሕጉ ተኩ አይልም ነበርና ማንም አልተተካበትም። አገሩም ሥራውን ቀጠለ።

ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየ ሰው ምን ይማራል? አንተም እኔም እናውቀዋለን። አሎንዞ ግን የተማረው ከሌላው ነው። ከሰባቱ በአንዱ ዘመን ፕሬዚዳንቱ ድንገት አረፈና፣ ትናንት ጥርሱን እየጎረጎረ ጋዜጣ ሲያነብ የነበረው ምክትሉ ዛሬ የአገሩ ጌታ ሆኖ አደረ። ያን ቀን ኮሪደሩ በባርኔጣ ሞላ። አሎንዞን ቀና ብለው አይተውት የማያውቁ ሴናተሮች «እንደምን አደርክ ወዳጄ» አሉት። ያቺ ጠዋት ከአእምሮው አልወጣችም። ሰውየው ወደዚያች ክፍል ዳግመኛ ዞር ብሎ አለማየቱን ግን ረሳው።

«በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው» ይል ነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር ቤት ተቀምጦ። «አንድ ትንፋሽ!»

የፀጉር ቤቱ ሰዎች ደግሞ እሱን መንካት ይወዱ ነበር።

«ሁለተኛው መጣ! ወንበር ልቀቁለት እንጂ!»

«ሰውየህ ዛሬ ምን ሠራ?»

«ጉባኤውን መራ» ይላል አሎንዞ፣ አንገቱን አስረዝሞ።

«ምን ብሎ?»

«‘የተከበሩት የኦሃዮው ሴናተር ይናገሩ’ ብሎ።»

«እሱስ አይናገርም?»

«ደንቡ አይፈቅድለትም።»

«ድምፅስ አይሰጥም?»

«ድምፁ እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው የሚሰጠው።»

«ውይ! እንግዲያው የኔ ሚስት ትበልጠዋለች። እሷ እኩል ባይሆንም ትወስናለች!»

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አሎንዞ አይስቅም። ሚስቱ ሉቬንያ ማታ ስትሰማው ትስቅና «አንተ ሰውዬ፣ በሩን ነው የምትጠብቀው እንጂ ዙፋኑን አይደለም» ትለዋለች። እሱ ግን በውስጡ አንድ ነገር ያምን ነበር። አንድ ቀን ክፉ ቢመጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ የማይደርስበት ጆሮ ጋ እሱ ይደርሳል። ይህች እምነት ነበረች ቀጥ አድርጋ ያቆመችው። ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ደጅ ታሳድራለች ይባል የለ?

ክፉውም መጣ።

አሎንዞ አንዲት እህት ነበረችው፤ አርሚንታ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ የሰው ልብስ አጥባ የምትኖር፣ እጇ ዓመቱን ሙሉ በሳሙና የተላጠ። ያላት አንድ ልጅ ኤዝራ ነው። አሎንዞና ሉቬንያ ልጅ ስላልወለዱ ኤዝራ ግማሽ ልጃቸው ነበር፤ ማንበብ ያስተማረው አሎንዞ ነው፣ የመጀመሪያ ጫማውን የገዛለትም እሱ። ኤዝራ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው በከሰል ማከማቻ ግቢ ጫኝ ሆኖ ተቀጠረ። በታኅሣሥ አንድ ቀን የግቢው አለቃ፣ ነጭ ሰው ነው፣ ዘገየህ ብሎ በሰንሰለት ጀርባውን ገረፈው። አንዴ ቻለ፤ ሁለቴ ቻለ። በሦስተኛው በያዘው አካፋ መለሰለት። አለቃው በሦስተኛው ቀን ሞተ። አሥራ ሁለት ሰዎች ለፍርድ ተቀመጡና ምሳ ሳይደርስ ጨረሱት። መጋቢት ውስጥ፣ ዓርብ ጠዋት፣ በስቅላት እንዲሞት ተፈረደበት።

በዚያች ከተማ የተፈረደን ሞት የሚያነሳ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ።

ጠበቃው ሚስተር ሳተርዋይት ይባላል፤ ወጣት፣ ጥቁር፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ አርሚንታን አንድ ሳንቲም ያልጠየቃት ሰው። ስቅላቱ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ቀን፣ አንድ ጥቅል ወረቀት ይዞ አርሚንታ ቤት መጣ። አሎንዞም ነበር።

«ስምንት መቶ አሥራ አንድ ሰው ፈርሟል» አለ ጠበቃው። «ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይሄ ነው፣ እዩት። ከፈረዱበት ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ ተጸጽተው ፈርመዋል። ‘ቸኩለናል’ ብለው በእጃቸው ጽፈዋል። ይሄ ወረቀት እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን የምሕረት ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ መስኮት ላይ ገብቶ ማኅተም ከተመታበት፣ ነገሩ ቢያንስ ይዘገያል። የዘገየ ስቅላት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቀራል።»

አርሚንታ ወረቀቱን እንደ ሕፃን ልጅ አቀፈችው። ከዚያ ዞራ ለወንድሟ ሰጠችው።

«ወንድም ዓለም፣ የመንግሥትን መንገድ የምታውቀው አንተ ነህ። አንተ አድርስልኝ።»

አሎንዞ ወረቀቱን ተቀበለ። ደረቱ ሞላ። እውነት እንነጋገር ከተባለ በዚያ ሐዘን መካከል እንኳ ደስ ብሎታል፤ የጠበቀው ቀን መጥቷላ!

«ይሄ በመስኮት አይገባም» አለ።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ ጠበቃው።

«መስኮት ላይ የሚገባ ወረቀት ከሺህ ወረቀት ጋር ይከመራል። ይሄ በእጅ ነው የሚሄደው። ከምክትል ፕሬዚዳንቱ እጅ ወደ ፕሬዚዳንቱ እጅ።»

«ሚስተር ፔቲፎርድ፣ ደንቡ መስኮት ነው የሚለው። ማኅተም ካልተመታበት ወረቀቱ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።»

«ልጄ፣ አንተ ሕጉን ታውቃለህ። እኔ ደግሞ ሰዎቹን አውቃለሁ። በሩ ላይ ስቆም አንተ አልተወለድክም።»

ጠበቃው ወደ አርሚንታ አየ። አርሚንታ ወንድሟን አየች፤ በሕይወቷ ያላሳፈራት ሰው እሱ ብቻ ነው። «ወንድሜ ያለው ይሁን» አለች።

በዚያ ጊዜ የነበሩት ምክትል ፕሬዚዳንት ሚስተር ሃድልስተን ከነብራስካ የመጡ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ደግ ሰው ነበሩ። ፖም በኪሳቸው ይይዙና በቢላዋ እየላጡ ሲበሉ ለአሎንዞም ይቆርሱለታል። ወረቀቱን ሲቀበሉ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«የእህትህ ልጅ ነው?»

«አዎ ጌታዬ። በእጄ ያሳደግኩት ነው።»

ሚስተር ሃድልስተን የሁለቱን ፈራጆች ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው የውስጥ ኪሳቸው ከተቱት።

«በራሴ እጅ እሰጠዋለሁ፣ አሎንዞ።»

ሰውየው ውሸታም አልነበሩም። ግን እኚያ ደግ ሰው ፕሬዚዳንቱን ፊት ለፊት ካገኙ አሥራ አንድ ሳምንት አልፏቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ ነው የተጠሩት፤ ሁለቱ ለእራት፣ አንዱ ለፎቶግራፍ። ታዲያ ይህን ለበረኛው እንዴት ይናገሩ? ከአገሩ ሕዝብ ሁሉ እንደ ትልቅ ሰው የሚያያቸው አንድ አሎንዞ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እሱንም ይጡ? አፈሩ። አፍረው ቃል ገቡ። የሰው ልጅ ሐፍረት የሚሠራውን ክፋት ጠላት እንኳ አይሠራውም።

ዓርብ ሚስተር ሃድልስተን ብቻቸውን ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤት ሄደው ተመለሱ። «ሰኞ ብለውኛል» አሉ፣ ኮታቸውን ሲያወልቁ ወደ መስኮቱ እያዩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠበቃው ሮጦ መጣ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

«ገባ?»

«በእጅ ሄዷል።»

«ለማን ነው የሄደው? ገባ ወይ ነው የምልዎት!»

«ሰኞ ይደርሳል።»

«ሚስተር ፔቲፎርድ» አለ ጠበቃው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሦስት ሰዓት አለን። ቢሮው ከዚህ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ወረቀቱን መልሰው ይስጡኝ። መስኮቱ ላይ አስመትቼ፣ ከፈለጉ ደግሞ ተመልሶ በእጅ ይሂድ። እለምንዎታለሁ። ልጁ እኮ የእርስዎም ነው።»

አሎንዞ ዞረ። ሚስተር ሃድልስተን ውስጥ ናቸው፤ ኮታቸው መስቀያ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ኮቱ ውስጥ። በሩን ለማንኳኳት እጁን አነሳ። ጌታዬ ወረቀቱን ይመልሱልኝ ማለት ግን ጌታዬ አላመንኩዎትም ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የቆመበት ነገር ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው። እጁ አየር ላይ ቆየች፤ ከዚያ ወረደች።

«ሂድ ልጄ» አለ። «እኔ ኃላፊ ነኝ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዚያን ቀን ወረቀቱ ተለቅቆ ነበር፣ ያልለቀቀው ሞኙ ነው። እኩለ ቀን አለፈ።

ሰኞ አሎንዞ ጃንጥላ ይዞ ጌታውን ተከተለ። ዝናብ ነበር። የፕሬዚዳንቱ ቤት እንግዳ መቆያ ውስጥ ገቡና ሚስተር ሃድልስተን ከአንድ ባንክ ሠራተኛና ከሁለት የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሮች አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት ተኩል። የባንኩ ሰው ተጠራና ገባ። ሴቶቹ ተጠሩና ገቡ። በመጨረሻ ጸሐፊው ብቅ አለ፤ ቀጭን ልጅ፣ ፀጉሩ በቅባት የተለሰነ።

«ክቡርነትዎ፣ ዛሬም አልተመቸም። ረቡዕ ማታ ቢሆንስ?»

«ጥሩ፣ ጥሩ» አሉ ሚስተር ሃድልስተን። «ችግር የለም።»

አሎንዞ ግድግዳውን ተደግፎ ይህን አየ። እሱ ራሱ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው «ዛሬም አልተመቸም» ብሎ መልሷል! አነጋገሩን ያውቀዋል። ፊቱንም ያውቀዋል። በመንገድ ሲመለሱ ጃንጥላውን ለጌታው ብቻ ስለያዘ አሎንዞ እስከ አጥንቱ ራሰ።

ማታ አርሚንታ ቤቱ በር ላይ ጠበቀችው። «እህስ?»

«ዛሬ ፕሬዚዳንቱ ቤት ነበርን» አላት። ውሸት አይደለም።

«እግዚአብሔር ይስጥህ! ውስጥ ድረስ?»

«ውስጥ ድረስ።»

ሮጣ ሄዳ ለጎረቤት ነገረች። ሉቬንያ ግን ባሏን አየችው። ራት አቅርባለት ሳይጎርስ በሹካ ሲያገላብጠው ስታይ «አንተ፣ ምን ሆነሃል?» አለችው። ሳህኑን ገፋው። «ምንም» አላት፤ ይህ ግን ውሸት ነበር።

ረቡዕ ዕለት በሴኔቱ በሱፍ ቀረጥ ላይ ክርክር ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሕጉን በጣም ይፈልጉታል። ከሰዓት በኋላ፣ ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት፣ ደጋፊና ተቃዋሚ መቆጠር ጀመረና በኮሪደሩ አንድ ሹክሹክታ እንደ እሳት ሮጠ፦ እኩል ለእኩል! አርባ አራት ለአርባ አራት!

አሎንዞ ልቡ ዘለለ። ከዚያ በኋላ ያየው ነገር የሚታመን አልነበረም። ሚስተር ሃድልስተን ለአጭር ዕረፍት ወደ ክፍላቸው ሲመጡ ሴናተሮች ተከትለዋቸው ገቡ። ስልኩ ጮኸ። ያ ቀጭኑ ጸሐፊ፣ ሰኞ ዕለት «አልተመቸም» ያለው፣ ከነቅባቱ በሩ ላይ ቆሞ «ክቡርነታቸው አሉ?» ብሎ አሎንዞን በትሕትና ጠየቀ። ውጪ ያለው ሁሉ አንድን ሰው ለመነ፤ ያ ሰው የእሱ ሰው ነው። ሁለተኛው ሰው ለአሥር ደቂቃ አንደኛ ሆነ።

ሁሉም ሲወጡ አሎንዞ ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። በሃያ ስድስት ዓመት አድርጎት አያውቅም።

«ጌታዬ፣ ይቅርታዎን። ዛሬ እርስዎን ይፈልጋሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ወረቀቱ...»

ሚስተር ሃድልስተን ቀና አሉ። «ድምፄን ልሽጥ ነው የምትለኝ?»

«አይደለም ጌታዬ! ድምፁን ይስጡ። ግን ጸሐፊው ኮሪደር ላይ አለ። ከመስጠትዎ በፊት ‘ይህ ወረቀት አሁኑኑ ፕሬዚዳንቱ ጋ ይድረስ’ ይበሉት። ከሰጡ በኋላ ማንም አይሰማዎትም። እኔ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። በፊት ነው ጌታዬ፣ በፊት!» ድምፁ ተሰበረ። «ዓርብ እኮ ነው።»

ሚስተር ሃድልስተን እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ወረቀቱን ነኩት፤ አሎንዞ የወረቀቱን ኮሽታ ሰማ። ለአፍታ የሚያወጡት መሰለ።

ደወሉ ተደወለ።

«ነውር ነው፣ አሎንዞ» አሉ፣ ከተቀመጡበት እየተነሡ። «እንዲህ ያለ ነገር በማግሥቱ ነው የሚጠየቅ። ደግሞም ይህን ካደረግኩላቸው በኋላ ማታ በደስታ ነው የሚቀበሉኝ። ታያለህ።» እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉና ወጡ። አሎንዞ በሩን ያዘላቸው፤ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? ከአዳራሹ «አዎ» የሚል አንድ ቃል፣ ከዚያ ጭብጨባ ተሰማ።

ማታ ሚስተር ሃድልስተን ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤት ሄዱ። ጸሐፊው ከበር ተቀብሎ የፕሬዚዳንቱን ጥልቅ ምስጋና አቀረበላቸው፤ ፕሬዚዳንቱ ግን ደክሟቸው ተኝተዋል። ወረቀቱን ጸሐፊው ተቀበለ። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ፖስታ መጣ። አሎንዞ ተቀብሎ አስገባ። ሚስተር ሃድልስተን ከፍተው አነበቡና ሰጡት፦ ፕሬዚዳንቱ ጉዳዩን ሰኞ ዕለት ተመልክተው ወስነዋል፤ የተወሰነ ነገር ዳግመኛ አይከፈትም።

«አሎንዞ» አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። «መጀመሪያውኑ ልነግርህ ይገባ ነበር።»

«ምኑን ጌታዬ?»

«ከዚህ ክፍል ውጪ ማንም እንዳልሆንኩ።»

አሎንዞ ፖስታውን አጠፈ። «አውቅ ነበር ጌታዬ» አለ። «ደብዳቤዎን የምቀበለው እኔ አይደለሁ?»

ይህንን ሲናገር ነው ለራሱም የገባው። ያውቅ ነበር። ሁልጊዜም ያውቅ ነበር። ባርኔጣውን ሳያደርግ ወጣና በስተርጅናው እየሮጠ ያ መስኮት ያለበት ቢሮ ደረሰ። ሊዘጉ ሲሉ ነው። ውስጥ መነጽር ያደረገ፣ ሽበታም ጸሐፊ ነበር፤ መዝገቡን ገልጦ በጣቱ ፈለገ።

«ኤዝራ... አዎ። ሰኞ ነው ዝርዝሩ ወደ ላይ የወጣው። ‘ማመልከቻ የለም’ ይላል።»

«ማመልከቻ ነበረው። ስምንት መቶ ሰው ፈርሟል። ከፈራጆቹ ሁለቱ ፈርመዋል።»

ሽበታሙ መነጽሩን አወለቀ። «ሁለት ፈራጆች?» አለ። «ወንድሜ፣ በሁለት ፈራጅማ እኛው ራሳችን አንድ ወር እናቆየው ነበር። ያለ ማንም ፈቃድ። እንደዚያ ነው የምናደርገው። ታዲያ ለምን አላመጣችሁትም?»



ኤዝራ ዓርብ ጠዋት ተሰቀለ። ስለዚህ ምንም አልልም።

ቀብሩ እሑድ ነበር። ከመቃብሩ ጎን፣ ከወረቀት አበቦችና የሰፈር ሰው ካመጣው ትንንሽ የአበባ እቅፍ መካከል፣ አንድ የሰው ቁመት የሚያህል የነጭ አበባ ጉንጉን ቆሞ ነበር። ካርዱ ላይ «ከዩናይትድ ስቴትስ ምክትል ፕሬዚዳንት» ይላል። የፀጉር ቤቱ ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ተራ በተራ እየቀረቡ አነበቡት። «ሁለተኛው» ብሎ የሚቀልድ ከዚያን ቀን በኋላ ጠፋ። አሎንዞ ጉንጉኑን ማየት አልቻለም።

ጠበቃው ሳተርዋይት ሕዝቡ ሲበተን ቀርቦ አጠገቡ ቆመ። አልጮኸበትም። ቢጮህበት ይሻለው ነበር።

«እኔ አልነግራትም» አለው። «እርስዎ ይንገሯት።»

አሥር ቀን አለፈ። አሎንዞ አልተኛም፤ ሉቬንያ ጎኑ ሆና ሲገላበጥ ትሰማለች። በመጨረሻ ሁሉንም ነገራት። እሷም አልተቆጣችም፤ እጁን ያዘችና «ሂድና ንገራት። የምትጠላህም ከሆነ ትጥላህ። የራሷ ሐዘን ነው፤ ምን እንደሆነ ማወቅ አለባት» አለችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እህቱ ቤት ሄደ። አርሚንታ ብቻዋን ነበረች። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ያረጀች መስላ፣ ግን ቤቷን ጠርጋ፣ ዓሣ ጠብሳ፣ የበቆሎ ዳቦ ጋግራ ጠበቀችው። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ቅዱሷ ተከፍቶ፣ በገጾቹ መካከል ያ የአበባ ጉንጉን ካርድ አለ።

«ቁጭ በል ወንድም ዓለም። ከስተሃል።»

«አርሚንታ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ስለዚያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ...»

«ወረቀቱን ተወው» አለች። «ወረቀት ምን ያደርጋል?»

«አይደለም፣ ስሚኝ...»

«አንተ ስማኝ። ሌሊት ሌሊት ምን እላለሁ መሰለህ? ልጄ ተገደለ፤ እንደ ውሻ ግን አልተገደለም እላለሁ። የስንቱ ጥቁር ልጅ ተሰቅሎ ‘ምን ነበር ስሙ?’ እንኳን የሚል አልተገኘም። የኔ ልጅ ጉዳይ ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ ገብቷል። የአገሩ ሁለተኛ ሰው ባርኔጣውን ይዞ ለልጄ ለምኗል። ይህን ያደረግከው አንተ ነህ።» እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም። «ማድረግ የሚቻለው ሁሉ ተደርጎ ነው የሞተብኝ። ‘እንዲህ ባደርግ ኖሮ’ የምለው ነገር የለኝም። እሱ ነው ያቆመኝ አሎንዞ። እሱ ባይኖር አብሬው እቀበር ነበር።»

አሎንዞ አፉን ከፈተ። የሁለቱ ፈራጆች ፊርማ፣ ያ መስኮት፣ ያቺ ቅዳሜ፣ ሦስቱ ሰዓት፣ ሁሉም ጉሮሮው ድረስ መጡ። እህቱን አያት። ጠበቃው ንገራት ብሎታል፤ ሚስቱ ንገራት ብላዋለች፤ ልቡም ንገራት ይለዋል። እጆቿ ካርዱ ላይ ነበሩ።

«እስኪ ብላ» አለች፣ ትልቁን ዓሣ ሳህኑ ላይ እያደረገችለት። «ስለደከምክልኝ ነው። ሳትበላ አትሄዳትም።»

አሎንዞ ሹካውን አነሳና በላ።